ዲግሪ ያልነበረው ፕሮፌሰር፦ የጫማ ሰሪው ልጅ ጆርጅ ቡል እና የማይንክራፍት ሰርኪዩት

ቤታችሁ ውስጥ በስልክ ማይንክራፍት የሚጫወት ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ አብራችሁት አንብቡት። ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። የጨዋታው ዓለም በሙሉ ከብሎክ የተሠራ ነው፤ መሬቱም፣ ዛፉም፣ ድንጋዩም። ተጫዋቹ ብሎኩን እየቆፈረ ያወጣል፣ መልሶ እየደረደረ የፈለገውን ይገነባል። ጨዋታው በ2009 ለሕዝብ ወጣ፤ በ2010 ደግሞ ሬድስቶን የሚባል ቀይ ዱቄት ተጨመረበት። ይህ ዱቄት መሬት ላይ ሲነሰነስ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ምልክት ያስተላልፋል። በሱ በር የሚከፍቱ፣ መብራት የሚያበሩ አሉ። ከዚያም አልፈው ካልኩሌተርና ኮምፒውተር የሠሩበት አሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ጀማሪ የሠራው ሰርኪዩት ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ግን ሜዳውን ሁሉ ይሞላል። ይዘገያል። አንዱን መስመር ሲነኩት ሌላው ይበላሻል። ታዲያ እንዴት ነው የሚሻሻለው? ብዙ ልጅ መልሱን ተጨማሪ ዕቃ ውስጥ ይፈልገዋል። ትክክለኛው መልስ ግን መቀነስ ላይ ነው ያለው። ምን ቢቀነስ ሥራው እንደማይጎድል የሚያሳየውን ሂሳብ የጀመረው ሰውዬ ደግሞ የኤሌክትሪክ አምፖል ቤት ውስጥ ሳይገባ በ1864 የሞተ ነው። ስሙ ጆርጅ ቡል ይባላል። ዛሬ የሱን ሕይወት እናወጋችኋለን።

ከጫማ ቤት የተነሳ ልጅ

ጆርጅ ቡል በኖቬምበር 2 ቀን 1815 በእንግሊዝ አገር ሊንከን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ቡል ጫማ ሰሪ ነበር፤ እናቱ ሜሪ አን ከማግባቷ በፊት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አባትየው ጫማ ቢሰፋም ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሂሳብ ይወዳል፣ ቴሌስኮፕ ይሠራል። ሥራው በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ ቢቀርም ለበኩር ልጁ ግን የመጀመሪያውን ሂሳብ ያስቆጠረው እሱ ነው።

ትንሹ ጆርጅ ከመጀመሪያ ደረጃ ብዙም ያልዘለለ ትምህርት ነው ያገኘው። ላቲን ቋንቋን የከተማው መጽሐፍ ሻጭ አስጀመረው። ግሪክኛን ራሱ ተማረ። ቀጥሎ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ጣልያንኛ ጨመረበት። በ14 ዓመቱ ከግሪክኛ የተረጎመው ግጥም በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አንድ መምህር ይህን የዚህ ዕድሜ ልጅ ሊሠራው አይችልም ብሎ ተከራከረ። የድሃ ልጅ አንድ ነገር ሲችል ማን ሠራለት መባሉ እዚያም ነበር ማለት ነው።

ጆርጅ 16 ዓመት ሲሞላው የአባቱ ሥራ ጨርሶ ወደቀ። እናትና አባቱን፣ ሦስት ታናናሾቹንም የማስተዳደሩ ሸክም በሱ ትከሻ ላይ መጣ። ዶንካስተር ወደሚባል ከተማ ሄዶ ረዳት መምህር ሆነ። በ19 ዓመቱ ወደ ሊንከን ተመልሶ የራሱን ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ኑሮው ይኸው ነበር፤ ቀን የሰው ልጅ ማስተማር፣ ማታ ራሱን ማስተማር።

ወደ ሂሳብ ያዘነበለበት ምክንያት የኪስ ጉዳይ ነው ይባላል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የሂሳብ መጽሐፍ ደግሞ አንብቦ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ብዙ ወር መማር ይቻላል ማለት ነው። የፈረንሳዮቹን የላክሯን፣ የላግራንዥንና የላፕላስን ከባድ መጻሕፍት ብቻውን ገባባቸው። የሚያስረዳው አልነበረም። ያልገባውን ገጽ እየደጋገመ ነው ያለፈው።

ለጎጃም ሰው ይህ ዓይነቱ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በዋሸራ ያደረ የቅኔ ተማሪ የሚመዘነው በያዘው ወረቀት ሳይሆን በሚቆጥረው ቅኔ ነው። ቆሎውን ይዞ ከመምህር መምህር ይዞራል፤ ያወቀ ቀን ያስተምራል። የቡል ልዩነት፣ በሂሳቡ በኩል የሚዞርበት መምህርም አለማግኘቱ ነው።

ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመማር አስቦ ያውቃል። ግን ቤተሰቡ የሚኖረው በሱ ገቢ ስለነበር ሐሳቡ ቀረ። ይሁን እንጂ የካምብሪጅ የሂሳብ መጽሔት ጽሑፎቹን ይቀበለው ጀመር። በ1844 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ለአንድ የሂሳብ ጥናቱ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የገጠር ከተማ መምህር በአገሩ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱን ወሰደ።

ነጭ፣ ቀንዳም፣ በግ

በ1847 አካባቢ ሁለት ምሁራን በሎጂክ ጉዳይ ተጣሉ። አንዱ የለንደኑ የሂሳብ ሊቅ ኦገስተስ ዲ ሞርጋን ነው፤ ሌላው የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዊልያም ሃሚልተን። ጠቡ አንድን ሐሳብ ማን ቀድሞ አመጣው የሚል ነበር። ቡል የዲ ሞርጋን ወዳጅ ነው። ግን ከጠቡ ይልቅ ጉዳዩ ራሱ ያዘው። ሎጂክ ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ በቃላት ሲሠራ የኖረ ነው። በቃላት ሲሠራ ደግሞ ይረዝማል፣ ይጠላለፋል። ለምን እንደ ሂሳብ በፊደልና በምልክት አይሠራም? በዚያው ዓመት ሐሳቡን በትንሽ መጽሐፍ አወጣው። በ1854 ደግሞ የሐሳብ ሕግጋት በሚባለው ትልቁ መጽሐፉ አሰፋው።

በመጽሐፉ ውስጥ ያመጣው ምሳሌ ለኛ አካባቢ ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ በግ ነው። አንዱን ፊደል ለነጭ ነገሮች ሁሉ ስጠው፣ ሌላውን ለበጎች፣ ሦስተኛውን ለቀንዳም ነገሮች። ፊደሎቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ቀንዳም ነጭ በግ ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉን ብትቀያይረው በጉ ያው በግ ነው፤ 3 በ5 ቢባዛ ወይም 5 በ3 ቢባዛ መልሱ አንድ እንደሆነው።

አሁን አንድ እርምጃ እንጨምር። ነጭ የሆነ ነጭ በግ ብንልስ? ያው ነጭ በግ ነው። ቃሉን መድገሙ ምንም አልጨመረም። በሂሳብ ቋንቋ አንድ ነገር በራሱ ተባዝቶ ራሱን ይሆናል ማለት ነው። ከቁጥሮች ሁሉ እንዲህ የሚሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 0 እና 1። ቡል እዚህ ላይ ቆመ። 1 ሁሉም ነገር ነው፣ 0 ምንም ነው። ነጭ ያልሆነውን ለማግኘት ከ1 ላይ ነጩን መቀነስ ነው። በቃ፣ የዲጂታሉ ዓለም መሠረት ይህ ነው። እውነት ወይም ሐሰት፣ በርቷል ወይም ጠፍቷል፣ 1 ወይም 0።

ያን ጊዜ ግን ማንም ምን ይጠቅማል የሚለውን አልመለሰም። ቡል ራሱም ሲጽፍ ስለ ማሽን አላሰበም። እሱ የፈለገው የሰው ልጅ ሲያስብ የሚከተለውን ሕግ ማግኘት ነበር።

ኮርክ

በ1849 በአየርላንድ ኮርክ ከተማ አዲስ ኮሌጅ ተከፈተ። ቡል የመጀመሪያው የሂሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተቀጠረ። ዲግሪ የለውም፤ ከታዋቂ ምሁራን የተጻፉለት የድጋፍ ደብዳቤዎችና የታተሙ ሥራዎቹ ናቸው ያስቀጠሩት። የደረሰበት አገር በድንች ሰብል በሽታ ምክንያት በታላቁ ረሀብ የተጎዳ ነበር። እዚያው እስከ ሞተበት ቀን አስተማረ።

በ1855 ሜሪ ኤቨረስትን አገባ። ሜሪ የጆርጅ ኤቨረስት የወንድም ልጅ ናት፤ የዓለም ረጅሙ ተራራ የተሰየመው በዚያ ሰው ስም ነው። አምስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1857 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

በ1864 መጨረሻ አንድ ቀን ከቤቱ ወደ ኮሌጁ ሲሄድ ብርቱ ዝናብ መታው። መንገዱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቡል ልብሱ እንደራሰ ገብቶ አስተማረ። ተማሪዎቹን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ታመመ፤ ሳንባው ውኃ ያዘ። በዲሴምበር 8 ቀን በ49 ዓመቱ ሞተ። ትንሿ ልጁ ገና የወራት ዕድሜ ነበራት። ሜሪ አምስት ልጆች ይዛ ቀረች።

ከመጽሐፍ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ

የቡል ሐሳብ ወዲያው አልተዘነጋም። ተከታዮቹ አስተካከሉት፣ አሻሻሉት። አሜሪካዊው ቻርልስ ፐርስ በ1886 በጻፈው ደብዳቤ ይህ ሎጂክ በኤሌክትሪክ ማብሪያዎች ሊሠራ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ግን ነገሩ መሬት የያዘው ቡል ከሞተ ከ73 ዓመት በኋላ ነው።

በ1937 ክሎድ ሻነን የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ በአሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ የማስተርስ ጽሑፉን ያዘጋጅ ነበር። የሚሠራበት ማሽን በሪሌ የተሞላ ነው፤ ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ሰርኪዩት የሚሠሩት በልምድና በግምት ነበር። ሻነን ደግሞ ቀድሞ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ክፍል ውስጥ ቡልን ተምሯል። ሁለቱን አገናኛቸው። ሁለት ማብሪያ ተከታትለው ከተቀጠሉ መብራቱ የሚበራው ሁለቱም ሲዘጉ ነው፤ ይህ የቡል «እና» ነው። ጎን ለጎን ከተቀጠሉ አንዱ ሲዘጋ ይበቃል፤ ይህ «ወይም» ነው። እንግዲያው ሰርኪዩቱን በፊደል ጽፈህ በአልጀብራ ካሳጠርከው፣ ያጠረው ጽሑፍ ያነሰ ሰርኪዩት ነው። ሥራው አይለወጥም፣ ዕቃው ግን ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው የኮምፒውተር ሰርኪዩት ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ጨዋታው እንመለስ

ማይንክራፍት ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ሁለት የዱቄት መስመር ከተገናኘ «ወይም» ነው፤ ከአንዱ ምልክት ከመጣ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ብሎክ ላይ የተሰካ ሬድስቶን ችቦ «አይደለም» ነው፤ ብሎኩ ምልክት ሲያገኝ ችቦው ይጠፋል፣ ምልክቱ ሲቋረጥ ይበራል። ሦስተኛ፣ «እና» ራሱን የቻለ ዕቃ የለውም፤ ከሦስት ችቦ ይሠራል። ሁለቱ ግቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ችቦ ያጠፋሉ፣ የሁለቱ ችቦዎች መስመር ተገናኝቶ ሦስተኛውን ችቦ ይቆጣጠራል። ሁለቱም ሲጠፉ ሦስተኛው ይበራል።

ይህን የሦስት ችቦ ዘዴ ሒሳቡን የሠራው ደግሞ ቅድም የተጣላው የቡል ወዳጅ ዲ ሞርጋን ነው። ሕጉ በስሙ ይጠራል። «ሁለቱም አሉ» ማለትና «አንዳቸውም አልቀሩም» ማለት አንድ ነው ይላል። ስታስቡት ግልጽ ነው፤ ዋጋው የሚታየው ሰርኪዩት ሲሠራበት ነው።

የእድር ካዝናን እናስብ። ካዝናው የሚከፈተው ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ሲገኙ፣ ወይም ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ሲገኙ ነው እንበል። ልጁ ይህን እንደሰማው ከሠራው ሁለት «እና» ያስፈልገዋል፤ 6 ችቦ። ቡል ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ሊቀመንበሩ ተደግሟል ይለዋል። የተደገመውን አውጣው፤ ሊቀመንበሩ፣ ከሁለቱ ከአንዳቸው ጋር። የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ መስመር በዱቄት ይገናኛል፣ ከሊቀመንበሩ ጋር አንድ «እና» ይበቃል። 3 ችቦ። ካዝናው ድሮ በሚከፈትበት ጊዜ ሁሉ ይከፈታል፣ በማይከፈትበትም አይከፈትም።

ሌላ እንጨምር። ሁለት ሊቨር አለ፤ ሁለቱም ሲጠፉ ብቻ መብራት ይብራ ተባለ። ጀማሪው ሁለቱን በሁለት ችቦ ይገለብጣል፣ ከዚያ በሦስት ችቦ «እና» ይሠራል። 5 ችቦ ሆነ። በዲ ሞርጋን ሕግ ግን ሁለቱም ጠፍተዋል ማለት አንዱም አልበራም ማለት ነው። ሁለቱን መስመር አገናኝቶ አንድ ብሎክ ላይ ማስገባት፣ ብሎኩ ላይ አንድ ችቦ መሰካት ነው። 5 የነበረው 1 ሆነ።

ፍጥነቱም አብሮ ይለወጣል። እያንዳንዱ ችቦ ምልክቱን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ያዘገያል። በመጀመሪያው አሠራር ምልክቱ ሦስት ችቦ ተራ በተራ ያልፋል፤ በሁለተኛው አንድ ብቻ። በአንድ መብራት ላይ ይህ ምንም አይደለም። ቁጥር የሚደምር ማሽን ላይ ግን መዘግየቱ ከደረጃ ደረጃ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ደግሞ የዱቄቱ ምልክት ከ15 ብሎክ በላይ አይሄድም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሪፒተር ማስገባት ግድ ነው፤ ሪፒተሩም በራሱ ያዘገያል። ሰርኪዩቱ ሲያንስ ሪፒተሩም ይቀንሳል።

ይህች ሁለት መስመር ያገናኘች ነጠላ ችቦ ቀላል አይደለችም። ማንኛውንም የሎጂክ ሥራ እሷን ብቻ እየደጋገሙ መሥራት ይቻላል። ሰው በ1969 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ መንኮራኩሩን የመራው ኮምፒውተር ሎጂኩ የተሠራው ከዚሁ ዓይነት ነጠላ ክፍል ድግግሞሽ ነው።

እንግዲህ ለልጆቹ የምንለው ይህን ነው። ብሎክ ከመደርደራችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ምን ሲሆን ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ በ«እና»፣ በ«ወይም»፣ በ«አይደለም» ጻፉት። የተደገመ ካለ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀሩት። ከዚያ ፈትሹት፤ ሁለት ሊቨር ካለ 4 ሁኔታ አለ፣ ሦስት ካለ 8። በእያንዳንዱ ላይ አሮጌውና አዲሱ መልስ አንድ ካልሆነ የቀነሳችሁት መቀነስ የሌለበትን ነው። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም። መብራት በጠፋበት ማታ በኩራዝም ይሠራል፤ ቡልም የሠራው ካለ አምፖል ነው።

ለወላጆችም አንድ ነገር አለን። በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ብዙ ነው። ቁይም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ከዚያም ወዲያ። የቡልን ታሪክ ስናወራ ትምህርት ቤት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሰውዬው ራሱ ሳይማር የቀረበትን ስለሚያውቅ ነው ከ19 ዓመቱ ጀምሮ ለሌላው ልጅ ትምህርት ቤት የከፈተው፤ የሞተውም በማስተማር ላይ ሆኖ ነው። ግን ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ልጁ ባዶ አይደለም። ስልኩ ላይ በር ለመክፈት አራት ሰዓት የሚታገል ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ደጃፍ ላይ ቆሟል። አቀርቅረህ ዋልክ ከማለት በፊት ምን እየሠራህ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ መስጠትም ከባድ አይደለም።

የቡል ቤት በሱ ሞት አልተዘጋም። ባለቤቱ ሜሪ ሂሳብን ለልጆች እንዴት ማስተማር እንደሚገባ መጻሕፍት ጻፈች። ሦስተኛዋ ልጁ አሊሺያ እንደ አባቷ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ በጂኦሜትሪ የታወቀች ሆነች። ሉሲ የኬሚስትሪ ምሁር ወጣት። የመጨረሻዋ ኤተል ስመ ጥር ደራሲ ሆነች። ከቡል ዘር የተወለደው ጄፍሪ ሂንተን ደግሞ ለዛሬው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረት በጣለው ሥራው በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የጫማ ሰሪው ልጅ በበግ ምሳሌ የጀመረው ነገር እዚህ ደርሷል።

ማይንክራፍት የሚጫወት ልጅ ለምታውቁ ሁሉ ይህን አድርሱልን። ካዝናውን ከ3 ችቦ ባነሰ የሠራ ካለ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ጻፉልን፤ እናወጣዋለን።